የተሰረዘው ይነበብ፦ በጋራ በሚዘጋጁ ጽሑፎቻችን የእርማትን ዱካ ስለ ማቆየት

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ ቃል ነው። በ2012 ዓ.ም. በመቐለ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ የምንኖር ጥቂት መምህራን በወሎና በአዲስ አበባ ከሚገኙ ወንድሞች ጋር ሆነን አንዲት አጭር የሻፊዒይ መዝሀብ የፊቅህ ኪታብ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማማን። ሥራው የሚካሄደው በበይነ መረብ ላይ በተቀመጠ አንድ የጋራ ሰነድ ነበር፤ አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ከዐረብኛው ጋር ያመሳክራል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመርና የትግራይ የመገናኛ መስመር ሲቋረጥ ሰነዱ ከእጃችን ወጣ። በመቐለ የቀረነው አስቀድመን አትመን ባስቀመጥነው ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ማረማችንን ቀጠልን፤ በአዲስ አበባ ያሉትም በእጃቸው በቀረው ፋይል ላይ ሠሩ። ሰላም ወርዶ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ሥራዎች ተዋሐዱ። የወረቀቱ እርማት በአንድ የኮምፒውተር ቤት ተተየበ፤ በመጨረሻም ከመካከላችን አንዱ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ትእዛዝ ተጭኖ፣ ከምልክት ሁሉ የጸዳ ቅጂ ለእያንዳንዳችን ላከ። ንጽሕናው ደስ አሰኘን፤ ጽሑፉም ተባዝቶ ተሠራጨ።

ከወራት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ከዒሻ ሶላት በኋላ ወደ እኔ ቀረቡ። በልጅነታቸው የቀሩት በሻፊዒይ መዝሀብ ነው። ያችን ትንሽ መጽሐፍ የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል። «ልጄ፣ ዊትር ዋጂብ መሆኑን ሳላውቅ አንዳንዴ ስሰግደው አንዳንዴ ስተወው ይህን ሁሉ ዘመን ኖርኩ። ዕዳውን በየትኛው ቀሪ ዕድሜዬ ቀዷ አውጥቼ እጨርሰዋለሁ?» አሉኝ። ኪታቡን የተረጎምኩት እኔ ነኝና ደነገጥኩ። ዐረብኛው የሚለው ሱና ነው፤ እኔም የጻፍኩት «የጠበቀ ሱና» ብዬ ነበር። በታተመው ቅጂ ግን «ዋጂብ ነው» ይላል። ማን ለወጠው? መቼ? በምን ማስረጃ? ፋይሉን ከፍቼ ብመለከት አንድም ምልክት የለም። ንጹሕ ነው። ንጹሕ በመሆኑም መልስ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ትችት የሚያነጣጥረው በዚያ አንድ ቃል ላይ አይደለም፤ ቃሉን ያለ ዱካ እንዲለወጥ በፈቀደው ልማዳችን ላይ ነው። ዛሬ የመድረሳ መማሪያዎች፣ የኹጥባ ስብስቦች፣ የፈትዋ ረቂቆችና ትርጉሞች በብዛት የሚዘጋጁት በጋራ ሰነድ ነው። ይሁንና የሥራው መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ምልክቶቹ ይጠፋሉ፣ «የመጨረሻው» የሚል ስም የተሰጠው ፋይል በቴሌግራም ይላካል፣ የቀድሞዎቹ ይሰረዛሉ። ይህ ልማድ ቴክኒካዊ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። እኔ ግን የዒልም አማና ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ደግሞም የቀደሙት ዑለማዎቻችን ከእኛ በተሻለ መንገድ የፈቱት ጉዳይ ነው።

ቢላዋ የማይገባበት ጉባኤ

የሐዲስ ሊቃውንት ጽሑፍን ስለ ማረም ሥርዐት የሠሩት ማተሚያ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። አር-ራመሁርሙዚይ በ4ኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ ባዘጋጁት «አል-ሙሐዲስ አል-ፋሲል» በተባለው ኪታባቸው፣ ቃዲ ዒያድ (በ544 ዓ.ሂ. ያረፉት) በ«አል-ኢልማዕ»፣ ኢብኑ ሰላሕ (በ643 ዓ.ሂ. ያረፉት) በታዋቂው «ሙቀዲማ»ቸው ጉዳዩን በዝርዝር አንሥተውታል። ኢብኑ ሰላሕ የሐዲስን ዕውቀት በ65 ዘርፎች ከፍለው 25ኛውን ለሐዲስ አጻጻፍና አስተራረም ሰጥተዋል። አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው።

እነዚህ ሊቃውንት ስሕተት የሚወገድባቸውን መንገዶች ለይተዋል። አንደኛው መፋቅ ነው፤ ጽሑፉን በቢላዋ ፍቆ ማጥፋት። ሁለተኛው ቀለሙን አጥቦ ወይም ጠርጎ ማስለቀቅ ነው። ሦስተኛው «ደርብ» የሚሉት፣ በቃሉ ላይ መስመር ማስመር ነው። ከሦስቱ የመረጡት የመጨረሻውን ነው። ከአር-ራመሁርሙዚይ የተላለፈው መመዘኛ ግልጽ ነው፦ ጥሩ ስረዛ ቃሉ መሻሩን በማያሻማ ሁኔታ ያሳያል፤ ከመስመሩ ሥር ግን የተሰረዘው ይነበባል። የተፋቀ ቦታን እንደ ጥርጣሬ ምክንያት ይቆጥሩት ነበር፤ አንባቢው ከፋቁ በፊት ምን እንደነበረና ማን እንዳጠፋው ስለማያውቅ።

ቃዲ ዒያድ ከሸይኻቸው ያስተላለፉት ምክንያት ደግሞ ይበልጥ ጥልቀት አለው። ቀደምት ሸይኾች ሐዲስ በሚሰማበት ጉባኤ ቢላዋ መገኘቱን ይጠሉ ነበር። ዛሬ ከአንዱ ሸይኽ ስንሰማ ስሕተት መስሎን የምንፍቀው ቃል፣ ነገ ያንኑ ኪታብ ከሌላ ሸይኽ ስንሰማ በእርሳቸው ሪዋያ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፋቀ ሰው ያን ጊዜ እንደገና ሊጽፈው ይገደዳል። በመስመር የሰረዘ ግን በሁለተኛው ሪዋያ መጽናቱን የሚያመለክት ምልክት ቢያደርግበት ይበቃዋል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ አራሚው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ስረዛው የሚነበብ ሲሆን አራሚውም ታራሚ ይሆናል።

ሌሎቹም ምልክቶች በዚሁ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። የተዘለለ ቃል ሲገኝ «ለሐቅ» ይባላል፤ ከተዘለለበት ቦታ ላይ ወደ ኅዳጉ ጠምዘዝ ያለ መስመር ይወጣና ቃሉ በኅዳጉ ይጻፋል፤ መጨረሻው ላይ «ሰሕ» የሚል ይቀመጣል። ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተት ሊመስል በሚችል ቃል ላይም ይኸው «ሰሕ» ይጻፋል፤ ተመልክቼዋለሁ፣ አልዘነጋሁትም ማለት ነው። በአንጻሩ በሪዋያ እንዲህ የመጣ፣ በአነጋገሩ ወይም በፍቺው ግን ጉድለት ያለበት ቃል ሲያጋጥም ሊቃውንቱ አይለውጡትም፤ «ደባ» የሚባል፣ የ«ሳድ»ን ፊደል መነሻ የመሰለ ረዘም ያለ ምልክት ብቻ ያደርጉበታል። ደባ ያልተጨረሰ «ሰሕ» ነው፤ ከባለ ምልክቱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ፍቺ እስኪያገኝለት ድረስ ቦታውን ይጠብቃል። አንድ ቃል በአንዱ ሪዋያ ጸንቶ ከሌላው የወደቀ ሲሆን ደግሞ በመነሻው «ላ»፣ በመድረሻው «ኢላ» የሚል ምልክት ያኖሩ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሳይጠፋ አከራካሪነቱ ይታወቃል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ «ሙቃበላ» አለ፤ ቅጂውን ከዋናው ጋር ማስተያየት። ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ልጃቸውን ሂሻምን ጽፈህ ጨረስህን ብለው ጠይቀው፣ አዎን ሲላቸው አስተያይተኸዋልን አሉት፤ አይ ሲል፣ እንግዲያው አልጻፍህም አሉት ተብሎ ተላልፏል። ማስተያየቱ የደረሰበት ቦታ በኅዳጉ «በለጋ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም ያነበበው፣ የሰሙት፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል።

ይህ ሥርዐት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን በወሎም ሆነ በሐረር በደረሶች እጅ የተቀዱ የዐረብኛ ኪታቦችን የገለጠ ሰው ከኅዳጉ እነዚህን ምልክቶች ያገኛል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፉትን የአማርኛ ዐጀሚ መንዙማዎች፣ ለምሳሌ የሸይኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን፣ ቅጂ ከቅጂ እያስተያየ የሚያነብ ተመራማሪም የኅዳጉ ምልክት ምን ያህል እንደሚረዳው ያውቃል። የግዕዝ መጻሕፍት ጸሐፊዎችም የዘለሉትን በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ላይ በምልክት የመመለስ የራሳቸው ልማድ አላቸው።

ምልክቱ በመሣሪያው ውስጥ

ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ የዚህን ሥርዐት ዋና ዋና ክፍሎች ይዟል። በማይክሮሶፍት ዎርድ ለውጥ መከታተያው ሲበራ የተሰረዘው ቃል መስመር ተሠምሮበት ይቆያል፤ ይህ ደርብ ነው። የተጨመረው በቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ይህ ለሐቅ ነው። በጎን የሚጻፈው ማስታወሻ ቃሉን ሳይነካ ጥያቄ ያነሣል፤ ይህም ደባ ነው። እያንዳንዱ ምልክት የአራሚውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በፋይሉ ውስጥ ይዞ ይጓዛል። በጎግል ዶክስም «ሐሳብ ማቅረቢያ» በሚባለው አሠራር የሚደረገው እርማት እስኪጸድቅ ድረስ እንደ ሐሳብ ይቆያል፤ የሰነዱ የለውጥ ታሪክም የቀድሞ ይዞታውን ለማየት ያስችላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በአንድ ነገር ከኅዳጉ ይለያል። በብራና ወይም በወረቀት ላይ ምልክትን ማጥፋት ድካም ነው፤ ማቆየት ቀላል ነው። በኮምፒውተር ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ አንድ ጊዜ «ሁሉንም ተቀበል» ማለት የመቶ ሰዓት ሥራን ዱካ በቅጽበት ያጠፋል። ቃዲ ዒያድ የጠቀሷቸው ሸይኾች ከጉባኤው ያራቁት ቢላዋ እነሆ በእያንዳንዳችን ጣት ሥር ሆነ።

ደግሞም መደበቅና ማጥፋት የተለያዩ መሆናቸውን ብዙዎቻችን አንለይም። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) የዎርድ እትም ጀምሮ ፋይሉ ሲከፈት ምልክቶቹ ተደብቀው በኅዳጉ ቀጭን መስመር ብቻ የሚታይበት አቀራረብ መደበኛ ሆኗል። ስለዚህ ምልክት ያለበትን ፋይል ንጹሕ ነው ብሎ የሚልክ አለ፤ ለማንበብ የተመቸ ገጽ ለማግኘት ብሎም ሊደብቅ ሲገባው ሁሉንም የሚያጸድቅ አለ። ለማንበብ የሚፈልግ ሰው መደበቅ ይበቃዋል፤ ማጥፋት አያስፈልገውም።

የታሪክ መዝገቡም ቢሆን የማይሞት አይደለም። የጎግል ዶክስ ሰነድ ሲባዛ የለውጥ ታሪኩ ወደ አዲሱ ቅጂ አይተላለፍም፤ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ጽሑፍ ታሪክ የለውም። የበይነ መረብ መስመር ሲቋረጥ ደግሞ በሩቅ የተቀመጠ ታሪክ እንደሌለ ነው። በመቐለ ይህን በመከራ ተምረነዋል።

የልማዳችን ጉድለቶች

አንደኛው ጉድለት የመዝሀብን ልዩነት ማጥፋት ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ፈርድና ዋጂብ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ ዊትርም በኢማም አቡ ሐኒፋ አቋም ዋጂብ ነው። በሻፊዒዮች ዘንድ ፈርድና ዋጂብ ከጥቂት ቦታዎች በቀር አንድ ናቸው፤ ዊትርም የጠበቀ ሱና ነው። የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች አብረው በሚኖሩባት አገራችን በአንድ ሰነድ ላይ ሁለት ደረሶች ሲያርሙ፣ አንዱ የሚሰርዘው ቃል በሌላው መዝሀብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህ ሸይኾቹ ስለ ሪዋያ ያሉት ነገር ራሱ ነው። የኪታቡ ባለቤት ሻፊዒይ ከሆነ ተርጓሚው የእርሱን ቃል ማድረስ አለበት፤ የሌላው መዝሀብ አቋም ቦታው የግርጌ ማስታወሻ ነው። ምልክቱ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ከአሥር አንባቢዎች አንዱ እንኳ በዚያ ቀለም ላይ ዓይኑ ባረፈ ነበር።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ ለማድረግ ብለን «ፈልገህ ሁሉንም ተካ» በሚለው ትእዛዝ «ሐ»ን ሁሉ «ሀ» እናደርጋለን። ለተራ አማርኛ ጽሑፍ ጉዳቱ ትንሽ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግን «ሐ» የዐረብኛውን «ሓእ»፣ «ሀ» ደግሞ «ሃእ»ን የምንለይበት መንገድ ነው። ሐምዳን የሰው ስም ነው፤ ሀምዳን የየመን ጎሣ ነው። በአንድ ትእዛዝ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ፣ አድ-ዳረቁጥኒይና ሌሎች ሊቃውንት በጽሕፈት የሚመሳሰሉ፣ በንባብ የሚለያዩ ስሞችን ለመለየት የደከሙበት ዘርፍ በአማርኛችን ይፈርሳል። ከዚህ የሚከተል ሌላም ጣጣ አለ፦ እንዲህ ያለው ጅምላ እርማት በመቶ የሚቆጠሩ ምልክቶችን ስለሚፈጥር፣ ፍቺ የሚለውጠው አንድ ምልክት በፊደል ምልክቶች ክምር ውስጥ ይቀበራል። አራሚውም ታክቶት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጸድቃል። ቀድሞ በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ሲለወጡ የሚፈጠረው መዛባትም በዚሁ ክምር ይሸፈናል።

ሦስተኛው የባለቤቱ ማንነት ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው በኮምፒውተሩ ላይ የተሞላውን ስም ነው። በአገራችን በሚዘዋወሩ ፋይሎች ላይ ግን በአራሚነት ተመዝግቦ የምናገኘው ብዙ ጊዜ «ዩዘር»፣ «አድሚን» ወይም የማሽኑ አምራች ስም ነው። በሐዲስ ዕውቀት ሰነዱ ላይ «አንድ ሰው ነገረኝ» የሚል ሲገባ ያ ሰው ሙብሀም ይባላል፤ ማንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ዘገባው አይጸናም። ታዲያ «ዩዘር» የለወጠውን የሸሪዓ ብይን በምን ሚዛን ተቀበልነው?

አራተኛው ምክንያትን አለመጻፍ ነው። ምልክቱ ምን እንደተለወጠ ይናገራል፤ ለምን እንደተለወጠ አይናገርም። ሁለት ፋይሎችን የሚያነጻጽር መሣሪያ የጠፋውን ልዩነት መልሶ ሊያሳይ ይችላል፤ በመካከል ያለፉትን እጆችና ማስረጃቸውን ግን አይመልስም።

የታተመው ምን ያስተምራል

«ይህ ለረቂቅ እንጂ ለሕትመት አይሆንም» የሚል ቢኖር፣ ከሐዲስ ኪታቦች ሁሉ የላቀው ሶሒሕ አል-ቡኻሪ ምስክር ነው። ሸረፉዲን አል-ዩኒኒይ (በ701 ዓ.ሂ. ያረፉት) በተለያዩ ራዊዎች የተላለፉትን ቅጂዎች አስተያይተው፣ እያንዳንዱ ልዩነት የማን ሪዋያ እንደሆነ በአጭር ምልክት አመለከቱ፤ በቋንቋው ረገድም ሰዋስዋዊውን ኢብኑ ማሊክን አማከሩ። በሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ትእዛዝ ከ1311 እስከ 1313 ዓ.ሂ. በቡላቅ የታተመው ሱልጣኒያ የተባለው እትም እነዚህን ምልክቶች በኅዳጉ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለንባብ ማማር ሲባል ኅዳጉን የጣሉ ብዙ እትሞች ታትመዋል። ለተራ አንባቢ ይበቃሉ፤ ለመምህር ግን ሱልጣኒያ ዛሬም የሚፈለግበት ምክንያት ያ የተጣለው ኅዳግ ነው።

ከእንዳ ኢየሱስ ብዙ በማይርቀው በኲሓ የተገኙት የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮችም ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ባለው ዘመን በዚህ ምድር ሙስሊሞች ስለ መኖራቸው የሚመሰክሩ ናቸው፤ ማድሌን ሽናይደር በ1967 (እ.ኤ.አ.) ጥናት አሳትመውባቸዋል። እንዲህ ያሉ የድንጋይ ጽሑፎችን የሚያነቡ ሊቃውንት በዓይን የታየውንና በግምት የተሞላውን ፊደል በቅንፍ ይለያሉ። ቅንፉን ያነሣ ሰው ግምትን ማስረጃ አደረገ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመጣ፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና የሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ታላቅ ውለታ ነው። የታተመው ገጽ የደረሱበትን ቃል ያሳያል እንጂ ወደ እርሱ የሄዱበትን መንገድ አያሳይም፤ ያ የዘመኑ የሕትመት ልማድ ነው። ከእነርሱ በኋላ በኮምፒውተር የምንተይብና የምናርም ግን ይህ ምክንያት የለንም። በበይነ መረብ ከሚገኙ የቁርኣን ትርጉም ስብስቦች መካከል እርማት የተደረገበትን አንቀጽ አመልክተው የቀድሞውን ትርጉም ለማስተያየት ክፍት የሚያደርጉ አሉ፤ አርአያነት ያለው ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ የምንናገረው ስለ ሰዎች ቃል፣ ማለትም ስለ ትርጉም፣ ስለ ማብራሪያና ስለ ድርሰት መሆኑ ይታወቅ። የሙስሐፉ ቃል ጥበቃ ከዚህ የተለየና ከዚህ በላይ ነው፤ በእርሱ ላይ ረቂቅ የሚባል ነገር የለም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «የሸይኹን ስሕተት ማቆየት ነውሩን መግለጥ ነው፤ መሸፈን ይገባል» የሚል ነው። የወንድምን ነውር መሸፈን የታዘዘ ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ስሕተት ነውር አይደለም፤ ዑለማዎችም የራዊዎችን ይዞታ ሲመረምሩ ይህን ከሐሜት ለይተውታል። እንዲያውም ምልክቱ የሚጠብቀው አራሚውን ራሱን ነው። ከላይ የተነሣው «ዋጂብ» የሚል ቃል በማን እንደገባ ስንጠያየቅ ጣታችን የተቀሰረው በወሎ ሐነፊይ ፊቅህ በቀሩ አንድ ወንድማችን ላይ ነበር። እርሳቸውም አላስታወሱም። ለወራት በመካከላችን ቅዝቃዜ ገባ። በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የሠራንበት ወረቀት ከአንድ ቤት ካርቶን ውስጥ ተገኘ። በቀይ ቀለም የጻፉት በእርግጥ እርሳቸው ናቸው፤ የጻፉት ግን በኅዳጉ ላይ ነው፦ በሐነፊዮች ዘንድ ዋጂብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የኔን ቃል አልነኩም። የኅዳጉን ማስታወሻ እርማት መስሎት ወደ ጽሑፉ ያስገባው ታይፒስቱ ነው፤ «በሐነፊዮች ዘንድ» የሚለውም በዚያው ወደቀ። የራዊ ቃል ከሐዲሱ ቃል ጋር ሲቀላቀል ሙሐዲሶች ሙድረጅ ይሉታል፤ አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ንጹሑ ፋይል ንጹሑን ሰው አስጠረጠረ፤ በቀይ የተዝረከረከው ወረቀት ነጻ አወጣው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ምልክት የበዛበት ጽሑፍ ምእመኑን ያደናግራል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም ኢማም ምልክት የበዛበትን ገጽ ሚንበር ላይ ይዞ ይውጣ አላልንም። ቅጂው ሁለት ይሁን ነው፤ ለምእመኑ የጸዳው፣ ለመምህራኑ ዱካው ያለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ስምና ሰዓት የያዘ ፋይል ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል። ሰው በጻፈው ሊጠየቅ በሚችልበት ክፉ ጊዜ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያስፈራ መሆኑን ያየነውን ያውቃሉ። በዚህ ላይ ቸልተኛ መሆን አይገባም። መፍትሔው ግን ዱካውን ማጥፋት ሳይሆን ስሙን መለየት ነው፤ በፋይሉ ላይ «መምህር ሀ»፣ «መምህር ለ» የሚሉ ቋሚ መለያዎች ይቀመጡ፣ ዝርዝሩም በአንድ ታማኝ ሰው እጅ በወረቀት ይያዝ። አል-ዩኒኒይም ራዊዎቹን የጠቆሙት በአንድና በሁለት ፊደል ነው።

ምን ይደረግ

ከዚህ በመነሣት በጋራ ለሚሠሩ መምህራንና ኢማሞች የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1. ሥራው ሲጀመር ለውጥ መከታተያው ይብራ፤ እያንዳንዱ አራሚ ከመጀመሩ በፊት በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ የራሱን ስም ወይም መለያ ይሙላ። ዎርድ መከታተያውን በይለፍ ቃል መቆለፍም ይፈቅዳል።

2. የፊደልና የሥርዐተ ነጥብ እርማት ፍቺን ከሚነካው እርማት ተለይቶ በሌላ ዙር፣ በሌላ ፋይል ይሠራ። የዐረብኛ ስሞች ባሉበት «ሁሉንም ተካ» አይነካ።

3. ብይንን፣ ስምን፣ ቁጥርን ወይም የሐዲስ ደረጃን የሚለውጥ ማንኛውም እርማት ምክንያቱና የኪታቡ ቦታ በጎኑ ማስታወሻ ይጻፍበት። ምክንያት የሌለው እርማት እንደ ደባ ይቆይ፤ አይጽደቅ።

4. ራሱ ያረመ ራሱ አያጽድቅ። እርማቶቹ አንድ በአንድ ዋናውን ዐረብኛ የያዘ ሌላ ሰው ባለበት ይታዩ፤ ይህ ሙቃበላ ነው።

5. ንጹሑ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ምልክት ያለበት ፋይል ተባዝቶ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ከፍላሽ ሌላም በወረቀት ታትሞ ይያዝ። መስመር ይቋረጣል፣ ማሽን ይሰበራል፤ ወረቀት ግን ካርቶን ውስጥም ቢሆን ይጠብቃል።

6. በታተመው መጽሐፍ መጨረሻ ማን እንደተረጎመ፣ ማን እንዳረመ፣ ማን እንዳመሳከረ፣ መቼና የት እንደሆነ በጥቂት መስመር ይጻፍ። የቀደሙት የሰማዕ መዝገብ ይሉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ማጠቃለያ

ለእኒያ አባት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። በተማሩበት መዝሀብ ዊትር የጠበቀ ሱና እንደሆነ፣ ቀዷ የሚያስጨንቃቸው ዕዳ እንደሌለባቸው፣ ስሕተቱም የእኛ እንደሆነ ነገርኳቸው። «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው ተነሡ፤ ከደጃፉ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ «ሌላስ የተለወጠ አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከወንድሞቼ ጋር ኪታቡን ከዐረብኛው ጋር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ አዲስ ማስተያየት ነበረብን። ምልክቱን ብናቆይ ኖሮ የአንድ ማታ ሥራ ይሆን ነበር፤ ስላጠፋነው አንድ ክረምት ወሰደብን። የታረሙትን ቦታዎች ለያዙት ሁሉ በወረቀት አድርሰናል፤ በእያንዳንዱም ላይ የቀድሞውን ቃል ሰርዘን፣ የሚነበብ አድርገን፣ አጠገቡ ትክክለኛውን ጽፈናል።

ወላሁ አዕለም።